ያላነበበ አይመርጥም

ሐዋሳ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስሠራ ነው። ተማሪዎች ራሳቸው የሚመርጡት የመጽሐፍ ሽልማት እናዘጋጅ ብዬ ተነሣሁ። ሐሳቡ የኔ አይደለም። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ እንደ ፈረንጆቹ ከ1940 ጀምሮ ልጆች እየመረጡ ይሸልማሉ። ደንቡን የቀዳሁት ግን በ1979 ከተቋቋመው የቴክሳስ ብሉቦኔት ሽልማት ነው። እዚያ 20 መጻሕፍት ይቀርባሉ። ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለ ተማሪ ቢያንስ አምስቱን ካላነበበ ድምፅ አይሰጥም። እኛ 20 ከየት እናምጣ? ስምንት አቀረብን፤ ሁለቱ በሲዳምኛ። ሦስት ያነበበ ይምረጥ አልን።

የድምፅ መስጫ ወረቀት የምታድለው አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ሽፋን ብቻ አይቶ የመጣውን በአንድ ጥያቄ ትመልሰዋለች።

በምሳ ሰዓት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ብቅ አሉ።

«ለኔም አንድ ስጪኝ እስቲ።»

«ስንት አነበቡ ቲቸር?»

ሳቁ። «እኔ እኮ ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ።»

«አውቃለሁ። ስንት አነበቡ?»

ወደኔ ዞሩ። እኔ ካርድ መደርደር ያዝኩ። ካርዱ ቀድሞም የተደረደረ ነበር። እሳቸው ከጠረጴዛው ላይ አንዱን አነሡ፤ ስለ ጨዋ ልጅ የሚተርከውን። ደራሲው የቅርብ ሰዋቸው ነው። «ይቺን አንብቤያታለሁ» አሉ።

«እሺ፣ ልጁ ቦርሳው የት ነው የጠፋበት?»

ትንሽ አሰቡ። «ትምህርት ቤት።»

«ቦርሳ አልጠፋበትም» አለችና ቀጣዩን ተሰላፊ ጠራች።

ከዚህ ገጠመኝ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ደንብ አስከባሪ ከአራተኛ ክፍል መመልመል እንዳለበት ነው።

ያሸነፈው የሞኙ ጅብ መጽሐፍ ነው፤ ያውም በሰፊ ልዩነት። ቢሮ ተጠራሁ። ሁለቱ መጻሕፍት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የጅቡ ጀርባው በፕላስተር ተይዟል፤ ጥጋጥጉ ተበልቷል፤ አንዱ ገጽ ላይ የወጥ ጠብታ አለ።

«የዛሬ ልጅ ሳቅ እንጂ ቁም ነገር አይወድም» አሉ። «ይቺን እያት እስቲ፣ እንዴት ንጹሕ ናት! ያኛው ግን ተቦጫጭቋል።»

ምላሴ ጫፍ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። የወር ደመወዜን የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው።

በሽልማቱ ቀን ማንም ያልሰማው «የአስተዳደሩ ልዩ ሽልማት» ተፈጠረ። የንጽሕቲቱ የምስክር ወረቀት መስታወት ባለው ፍሬም ገባ። የጅቡ በባዶ ኤ ፎር ወረቀት ታተመ። ልጆቹ ለፍሬሙ እንደ ነገሩ አጨበጨቡ፤ የጅቡ ሲጠራ ግን ግቢው በሙሉ እንደ ጅብ ጮኸ። ጥበቃው ሳይቀር።

በሳምንቱ ምክትሉ «ለትንሹ ልጄ» ብለው የጅቡን መጽሐፍ ተዋሱ። እስካሁን አልመለሱም። ፊርማቸው መዝገብ ላይ አለ።

ይህን ለወረቀት አዳይዋ ብነግራት ምንም አልገረማትም።

«ጥሩ ነው» አለች። «እሱን ከጨረሱ ሁለት ይቀራቸዋል።»