የአበባ ዘር የሚደርቀው በጥላ ነው

ኅዳር ከገባ ወዲህ ቤታችን ያለው ሰፌድ ሁሉ በአበባ ዘር ተይዟል። ሀዋሳ ላይ ዝናቡ ከበልግ እስከ ጥቅምት መለስ ቀለስ ስለሚል፣ ዘር ለመሰብሰብ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን የመሰለ ጊዜ የለም።

አበባው ጠወለገ ብላችሁ ለመቁረጥ አትቸኩሉ። ግንዱ ላይ እንዳለ ቡናማ ይሁን። ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ አትንኩት፤ እኔ የምለቅመው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። ለምሳሌ የደረሰ የማሪጎልድ አበባ በጣት ሲታሽ ወዲያው ይበተናል። መርፌ የሚያካክሉ ዘሮች ይወጣሉ፤ ጥቁሩ ወገን ዘሩ ነው፣ ነጣ ያለው ገለባ ነው። ጥቁር ከሌለው አልበሰለም፣ ይጣል።

ማድረቁ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እንደ በርበሬ ቆርቆሮ ላይ ያሰጡታል። የቀትር ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ግን ዘሩ ውስጥ ያለውን ፅንስ ይገድለዋል። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚገባበት በረንዳ ይበቃል። ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ በየቀኑ አገላብጡት። ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ቀጭኑ ዘር ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከለመጠ ገና ነው።

ከዚያ የሚቀረው እርጥበትን መከላከል ነው። እዚህ ሐይቁ ዳር ክረምት ላይ ጨው እንኳ ዕቃው ውስጥ ይረጥባል። ሃሪንግተን የተባለ የዘር ተመራማሪ ያስቀመጠው ስሌት አለ፦ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት በእጥፍ ይረዝማል። የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስም እንዲሁ። ስለዚህ ፌስታል ይቅርባችሁ። በወረቀት ጠቅልሉት፣ ስሙንና ወሩን ጻፉበት፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የማር ብልቃጥ ውስጥ አድርጉት። ከሥሩ ተቆልቶ የቀዘቀዘ ሩዝ ጨምሩ፤ እርጥበቱን ይመጥጣል። ፍሪጅ ያላችሁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ስታወጡት ግን ብልቃጡ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ አትክፈቱት፤ አለበለዚያ ዘሩ ላይ ውሃ ያዝላል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከሱቅ በፓኬት የተገዛ ድቅል (ከሁለት ዝርያ የተዳቀለ) ዘር ከሆነ፣ ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል። ቀለሙን የወደዳችሁትን ከነባሩ የጎረቤት አበባ ለቅማችሁ ብታስቀምጡ ይሻላል። ጎረቤት ደግሞ ዘር አይነፍግም።

ከመዝራታችሁ በፊት 10 ዘር እርጥብ ሶፍት ላይ ጠቅልላችሁ ሳምንት ያህል ሞክሩት። ሰባት ስምንቱ ካቆጠቆጠ ሳታመነቱ ዝሩ። ከግማሽ በታች ከሆነ ወፈር አድርጋችሁ ዝሩት።