የካርታ ማያ ፕሮግራም ላይ ዙም ለመጨመር ለምትነሱ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ስለነበር ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ሥራዬንም የምሠራው እዚያው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። በከተማዋ ዳር ያለ አንድ የይዞታ ማህደር የሚይዝ መሥሪያ ቤት የድሮ ካርታዎቹን ስካን አድርጎ ጨርሷል። የቀረው ካርታዎቹን ከፍቶ የሚያሳይ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ነበር። በፓይተን ቋንቋና ኪዩት (Qt) በሚባለው የዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥሪያ ሠራሁት። ፋይል መክፈት፣ በማህደር ቁጥር መፈለግ፣ ማተም፣ ሁሉም ያለ ችግር አለቀ። ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚሄድ የኪዩትን ሰነድ አውርጄ ነው የምሠራው። እናንተም አውርዱት።

ከዚያ ዙም መጣ።

መጀመሪያ ትልልቆቹ ካርታዎች አልከፈት አሉ። ኤ ዜሮ ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን ሲደረግ 9933 በ14043 ፒክስል ገደማ ይሆናል። ለአንድ ፒክስል 4 ባይት ሲያዝ ራም ላይ ወደ 558 ሜጋባይት ይወስዳል። ኪዩት 6 ደግሞ ለአንድ ምስል የሚፈቅደው ገደብ አለው። ከዚያ ያለፈውን አይከፍትም። ሴት አሎኬሽን ሊሚት በሚለው ትዕዛዝ ገደቡን ከፍ አድርጉትና እለፉ።

ኪዩት አብሮት የሚመጣ የምስል ማያ ናሙና አለው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከእሱ ነው። ምስሉን ሌብል (ጽሑፍ ወይም ምስል ማሳያ ሳጥን) ላይ ይለጥፋል፣ ሌብሉን ስክሮል ኤሪያ (የሚንሸራተት መስኮት) ውስጥ ያስገባል፣ ሲያጎላ በ1.25፣ ሲያሳንስ በ0.8 ያባዛል። ለቤተሰብ ፎቶ ይበቃል። ለካርታ ግን አትንኩት። ሌብሉ የጎላውን ምስል በሙሉ ራም ላይ እንደገና ይሠራዋል፤ ካርታው ትልቅ ከሆነ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል። ከዚያ የሚብሰው ግን የሚያጎላው የመስኮቱን መሃል ይዞ መሆኑ ነው። ካርታ የሚያይ ሰው ዓይኑ ያለው መሃል ላይ አይደለም። ጥግ ላይ በእጅ የተጻፈች የቦታ ቁጥር ላይ ነው።

በዚህ ላይ ቲኦአሩ፣ ማለትም መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገውን ሥራ የዘረዘረበት ሰነድ፣ ተጨመረበት። «ዙም ከ25 እስከ 400 ፐርሰንት፣ በየ25 ፐርሰንቱ፣ በመደመርና በመቀነስ ቁልፍ» ይላል። እስቲ አስቡት። ከ25 ወደ 50 ሲኬድ ካርታው እጥፍ ይሆናል። ከ375 ወደ 400 ሲኬድ ግን ጭማሪው 7 ፐርሰንት እንኳ አይሞላም። ታች ላይ ካርታው ይዘላል፤ ላይ ሲደርስ ቁልፉ የተበላሸ ይመስላል። ዙም በመደመር አይሠራም፤ በማባዛት ነው። የአይሲቲ ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ሄጄ ወረቀት ላይ አስልቼ አሳየሁት። «የምንረከበው ቲኦአሩ ላይ ያለውን ነው» አለኝ። በርክክቡ ዕለት ቁልፉን ጫን ጫን አድርጎ «ይሠራል» አለና ፈረመ።

ፕሮግራሙን ቀኑን ሙሉ የሚጠቀሙበት ግን የማህደር ክፍል ሠራተኛዋ ናቸው። አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። አንድ ባለጉዳይ ጠረጴዛው ፊት ቆሟል። የሰውየውን ቦታ ቁጥር ፈልገው አገኙት። ሊያነቡት አጎሉት፤ ካርታው ሸሸ። ጎትተው መለሱት፤ አንድ ደረጃ ጨመሩ፤ እንደገና ሸሸ። «ልጄ፣ አሁን ያየሁት ቦታ የት ሄደ?» አሉኝ። «እትዬ፣ አስተካክለዋለሁ» ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም። ባለጉዳዩ ሰዓቱን ያያል። በዚያ ፊርማ እስካሁን እናደዳለሁ። የፈረመው ሰው አንድም ቀን ከዚያ ካርታ ላይ ቁጥር አንብቦ አያውቅም።

መፍትሔው ሒሳቡ አጭር ነው። ማውዙ መስኮቱ ላይ 600ኛው ፒክስል ላይ ነው እንበል። የካርታው ግራ ጠርዝ 100 ላይ ነው። በመካከላቸው 500 አለ። በ1.25 ስታጎሉ 500ው 625 ይሆናል። ስለዚህ ጠርዙን ከ600 ላይ 625 ቀንሳችሁ -25 ላይ አስቀምጡት። ለቁመቱም እንደዚሁ። ማውዙ ስር ያለችው ነጥብ ንቅንቅ አትልም።

በኪዩት ይህን ራሳችሁ መጻፍ የለባችሁም። ሌብሉን ትታችሁ ግራፊክስ ቪው የሚባለውን የኪዩት ማሳያ ያዙ፤ ሲጎላ የትኛው ነጥብ ባለበት እንደሚቆይ የሚወስነውን ትራንስፎርሜሽን አንከር፣ አንከር አንደር ማውዝ በሉት። ካርታው ሙሉ በሙሉ መስኮቱ ውስጥ ሲገባ ብቻ ይህ አይሠራም፤ ያኔ ግን የሚሸሽ ነገርም የለም።

ስክሪኑ ላይ ላሉት የመደመርና የመቀነስ ቁልፎች ግን ይህ አይበቃም። ሰው ቁልፍ ሲጫን ማውዙ ያለው ቁልፉ ላይ ነው፤ ካርታው ላይ አይደለም። ስለዚህ ተጠቃሚው ካርታው ላይ መጨረሻ ጠቅ ያደረገበትን ነጥብ ያዙና ወደዚያ አጉሉ። ይህን የትኛውም መመሪያ ላይ አላገኘሁትም። ሠራተኛዋን በጣም ያስደሰታቸው ግን እሱ ነው።

ቲኦአሩ ስለ ማውዙ ጎማ ምንም አይልም። ስለዚህ የኃላፊውን ቁልፎች እንዳሉ ትቼ ጎማውን በማባዛት ሠራሁት። አንድ የጎማ እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ 120 ሆኖ ይመጣል። የላፕቶፕ ታችፓድ ግን ትንንሽ ቁጥሮችን እያከታተለ ይልካል። እያንዳንዱን እንደ ሙሉ እርምጃ ከቆጠራችሁት ካርታው ይፈነጠራል። የመጣውን ቁጥር ለ120 አካፍሉ፤ 1.2ን በዚያ ኃይል ከፍ አድርጉት።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ካርታ ሲያንስ ቀጫጭን መስመሮች ይጠፋሉ። ግራፊክስ ቪው ምስል ማለስለሻውን ካላበራችሁት አያበራውም። ብታበሩትም ከግማሽ በታች ሲወርድ ፒክስል እየዘለለ ነው የሚያነበው። የጠፋችው መስመር የሰው የቦታ ወሰን ልትሆን ትችላለች። በወርድም በቁመትም የግማሽ፣ የሩብና የስምንተኛ ቅጂ ቀድማችሁ በደንብ አሳንሳችሁ አዘጋጁ፤ ለዙሙ የሚቀርበውን አሳዩ። ቅጂዎቹ ሁሉ ተደምረው ራም ላይ የሚጨምሩት ከዋናው ምስል አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ኮምፒውተሩ አይችለውም የሚላችሁን አትስሙ።

መሥሪያ ቤቱ አሁን ለሁለተኛው ምዕራፍ ቲኦአር አዘጋጅቷል። የ25 ፐርሰንቱ መስመር እንዳለ አለ። ሒሳቡን አያይዤ አስተያየቴን በደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጓል። መልስ እስኪመጣ በየሳምንቱ መመላለሴን አልተውም።