ዳማና የቤታችን ድምፆች

ውሻዬ ዳማ የምትፈራው ነጎድጓድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለን ነበር። ክረምት ያልፋል። እሷ ግን የምትፈራው ቤታችንን ነው፦ የፕሬዠር ድስቱን ፉጨት፣ የጁስ መፍጫውን ጩኸት፣ የግቢውን ብረት በር ሲላተም፣ መብራት ሲመጣ ማቀዝቀዣው ጎን ያለውን የስታቢላይዘር «ጠቅ» ማለት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የልጄ ኮምፒውተር የተሰካበትን ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየውን ሣጥን።

የምንኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። የሐበሻ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሥራ ክፍሌና መኖሪያችን አንድ ጣሪያ ይጋራሉ። የዳማ እናት የሰፈር ውሻ ነበረች፤ እሷን የወለደቻት እዚሁ በረንዳዬ ሥር ነው። ስለዚህ የስፌት መኪናዬ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ እግሬ ሥር ተኝታ ታንኮራፋለች። የጎረቤታችን ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስም ጆሮዋን አታነሳም። ድምፁ ትልቅ ስለሆነ አይደለም የምትፈራው ማለት ነው። የስፌት መኪናዬ ከዩፒኤሱ እጅግ የበለጠ ይጮኻል።

ይህ ነገር ብዙ አሳስቦኝ ነበርና ዳማን የሚያያትን የእንስሳት ሐኪም ጠየቅሁት። ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው ሳምንት አንስቶ እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ድረስ ዓለምን የሚለማመድበት ጊዜ እንደሆነ ነገረኝ። በዚያን ጊዜ ያየውንና የሰማውን «ይህ የኑሮ ክፍል ነው» ብሎ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ እንደ ባዕድ ይታያል። ጁስ መፍጫውም ዩፒኤሱም ቤታችን የገቡት ዳማ ካደገች በኋላ ነው። ሐኪሙ ሌላም ነገር አደረገ፤ ጆሮዋን አየ፣ ዳሌዋንና ጉልበቷን እያጠፈ እየዘረጋ መረመራት። የእንግሊዙ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከብራዚል ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ የጡንቻ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ውሾች ድምፅ መፍራት የሚጀምሩት ሕመም ከሌለባቸው ዘግይተው እንደሆነ አግኝተዋል። ውሻው ሲደነግጥ ሰውነቱ ይኮማተራል፣ የታመመው ቦታ ይወጋዋል፣ ድምፁና ሕመሙ አንድ ላይ ይታሰራሉ። የዳማ አጥንት ደኅና ነው። ነገር ግን ለዓመታት ምንም ሳይመስለው ኖሮ በድንገት ድምፅ መሸሽ የጀመረ ውሻ ያላችሁ፣ መጀመሪያ ለሐኪም አሳዩት።

የፕሬዠር ድስቱን ነገር ላስረዳችሁ፤ ፍርሃት እንዴት እንደሚመጣ ከእሱ የተሻለ የሚያሳይ የለም። ዳማ ፉጨቱን አትጠብቅም። ክዳኑን ከመደርደሪያው ሳወርድ፣ ገና ሽንብራው ውኃ ውስጥ እያለ፣ ከተኛችበት ትነሳለች። ከንፈሯን ትልሳለች፤ አፏ ላይ ግን ምንም የለም። ታዛጋለች፤ እንቅልፍ ግን አልመጣባትም። አንድ የፊት እግሯን ከመሬት ታነሳና እንደያዘች ትቆያለች። ክዳኑ ሲገጥም ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ይተኛሉ፣ የዓይኗ ነጭ በጎን ይወጣል። እንፋሎቱ ቀጭን ድምፅ ማውጣት ሲጀምር እኔ ገና ምንም አልሰማም፤ እሷ ግን ጭራዋን በእግሮቿ መካከል አስገብታ ከኩሽና ወጥታለች። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል፤ የውሻ ግን ወደ 45,000 ይደርሳል። እኛ ጸጥታ የምንለው ለእሷ ጸጥታ አይደለም። ከዚያ በኋላ ሐምሌ ብርድ ላይ እንኳ ታለከልካለች። ጥሬ ሥጋ ብሰጣት ታሸታለች እንጂ አትነካም። ሥጋ እምቢ ያለች ውሻ ምን ያህል እንደፈራች ሌላ መለኪያ አያስፈልግም።

አክስቴ ለበዓል ስትመጣ ይህን አይታ፣ «ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ይህቺ ድስት ሲያፏጭ የምትሸሽ፣ ሌባ ቢመጣ ምን ልትሠራልሽ ነው?» አለችኝ። እሷ ባደገችበት አገር ውሻ ግቢ የሚጠብቅ ነው፤ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል፣ መፍራትስ ምን መብት አለው? «እትዬ፣ ሰው አትፈራም እኮ። ሌሊት አጥር ሥር ኮሽታ ከሰማች ሰፈሩን ትቀሰቅሳለች» አልኳት። እውነቴን ነው። ዳማ ፈሪ አይደለችም። ድንገት የሚመጣና ከየት እንደመጣ የማይታይ ድምፅ ነው የሚያስጨንቃት። ይህ የባሕርይ ጉድለት አይደለም፤ አለመታዘዝም አይደለም። ጎትቶ ወደ ድስቱ አስጠግቶ «እይው፣ ምንም አይደለም» ማለት፣ ዘመድ ሁሉ እንደሚመክረኝ፣ ፍርሃቱን ያጸናው እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም።

ዩፒኤሱ ግን የተለየ ነው። መብራት ሲሄድ በየጥቂት ሰከንዱ «ጢጥ» ይላል። ቀጭን፣ አጭር፣ ተቆራርጦ የሚመጣ ድምፅ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ይህንኑ መሰል ነገር ጽፈዋል፦ ባትሪው ሊያልቅ ሲል የሚጮኸው የጭስ ጠቋሚ ዓይነት ከፍ ያለና የሚቆራረጥ ድምፅ፣ እንደ አቧራ መጥረጊያ ማሽን ካለ ያልተቋረጠ ጉርምርምታ ይልቅ ውሾችን ያስጨንቃል። እኛ ሰፈር የጭስ ጠቋሚ የለም፤ ዩፒኤስ ግን አለ፣ መብራትም ይሄዳል። ተመራማሪዎቹ ሰዎች የቀረጿቸውን ቪዲዮዎችም ተመልክተው ነበር። በብዙዎቹ ውሻው ይጨነቃል፣ ባለቤቱ ይስቃል። እኔም እንዲህ ያለ ቪዲዮ በስልኬ ይደርሰኛል፤ የሚልኩልኝ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው፣ ደስ ይላት ብለው። ያ ውሻ እየተንቀጠቀጠ ነው። አያስቅም፤ እባካችሁ አትላኩልኝ።

ልጄ ዩፒኤሱን «ጢጥ» ሲል በስልኩ ቀረጸው። የተቀቀለ ጉበት በጣት ጥፍር ልክ ቆራርጬ ተቀመጥኩ። ድምፁ እጅግ ዝቅ ብሎ ይሰማል፣ ወዲያው ጉበት ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ጉበቱ ከቀደመ ውሻዋ ጉበቱን ራሱን ልትጠራጠር ትችላለች። ድምፅ፣ ቀጥሎ ጉበት፤ ድምፅ፣ ቀጥሎ ጉበት። ከንፈሯን ስትልስ ካየሁ ድምፁን ቀንሰን እንጨርሳለን። እስክትፈራ ድረስ አንቆይም፤ የሥራው ሁሉ ምስጢር እዚያ ላይ ነው። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ይህን የማስተሳሰር ነገር በውሾች ምራቅ ያሳየው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። የ1904 የኖቤል ሽልማቱን ግን ያገኘው በምግብ መፈጨት ላይ በሠራው ሥራ ነው፤ ለእኔ ኩሽና የጠቀመኝ ሌላኛው ሥራው ሆነ።

የስልኩን ድምፅ ከለመደች በኋላ የእውነተኛውን ዩፒኤስ ስትሰማ እንደገና ሸሸች። የስልክ ድምፅ ማጉያ ሁሉንም ነገር አያወጣም፤ እሷ ልዩነቱን ታውቃለች። ስለዚህ ልጄ ዩፒኤሱን በሌላ ክፍል፣ በር ተዘግቶ፣ ከሶኬቱ እየነቀለ እንዲያስጮኸው አደረግን። ቀስ በቀስ በሩ ገርበብ አለ። አሁን ዩፒኤሱ ሲጮኽ ዳማ ቀና ብላ ወደ እጄ ታያለች። ሙሉ በሙሉ ተላቀቀች አልልም፤ ሲደክማት ወይም ቀኑን ሙሉ እንግዳ ሲበዛ አሁንም ትሸሻለች።

የቀረው ቤቱን ማስተካከል ነበር። የብረት በሩ መቀርቀሪያ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ ጠቀለልኩበት፤ ከልብስ ሰፊ ቤት ቁርጥራጭ አይጠፋም። ፕሬዠር ድስቱን የምጥደው ልጄ ዳማን ይዞ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ሲወጣ ነው። ጁስ መፍጫውን በወፍራም ፎጣ ላይ አቆምኩት። ቡና የምወቅጠው ግን እንደ ድሮው ነው፤ ሙቀጫውንና ዘነዘናውን ከልጅነቷ ታውቃቸዋለች።

ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር፣ ጥቅል ጨርቆቹ በተደረደሩበት ጥግ፣ የራሷ ቦታ አላት። በሦስት በኩል ጥጥ ነው፤ ድምፅ ይውጣል። በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ወደዚያ ትገባለች። ማንም ጎትቶ እንዲያወጣት አልፈቅድም፣ መግቢያውም አይዘጋም። ወደ እኔ ከመጣች ደግሞ አቅፋታለሁ። «አታባብያት፣ ፍርሃቷን ታለምጃታለሽ» የሚሉኝ አሉ። ሐኪሙም ይህን አያምንም፣ እኔም አላምንም። ፍርሃት ተመርጦ የሚደረግ ነገር ስላልሆነ በማባበል አይበዛም። እጄ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ትንፋሿ ሲረጋጋ ይሰማኛል። ካልመጣች ግን አልከተላትም።

የማስተኛ መድኃኒት የሚመክሩም አሉ። የሰው መድኃኒት ለውሻ መስጠት አደገኛ ነው፤ ከእንስሳት ሐኪም ውጭ አይሞከርም። አሴፕሮማዚን የሚባለው የቆየው የማስተኛ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ሰውነቱን ያስተኛል እንጂ ፍርሃቱን እንደማይወስድ ሐኪሙ አስረድቶኛል። ለጭንቀት ራሱ የሚሠሩ መድኃኒቶች እንዳሉና ለዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ካስፈለገ እንደሚያዝልኝ ነግሮኛል።

ያ ዋዜማ ነው የሚያሳስበኝ። የእኔ ሥራ ከዓመቱ ሁሉ የሚበዛው ያን ሰሞን ነው፤ ልብስ ሊወስድ የሚመጣው በሩን ያንኳኳል፣ ብረቱ ይጮኻል፣ የክረምቱ መጨረሻ ነጎድጓድ አለ፣ ችቦ ሲበራ ደግሞ ርችት ይተኮሳል። ርችትን በጉበት ማለማመድ ይከብዳል፤ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ። ስለዚህ ዘንድሮ ዋዜማውን ቤቱ ውስጥ ከዳማ ጋር ሆኜ፣ መስኮት ዘግቼ፣ ሬዲዮ ከፍቼ፣ የስፌት መኪናዬን እያስኬድኩ ለማሳለፍ ወስኛለሁ። ደንበኞቼ ይህን ካነበባችሁ፣ ልብሳችሁን እስከ ጳጉሜን 3 ድረስ ውሰዱልኝ። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ልጄ ከበሩ ውጭ ቆሞ ያስረክባል፤ በሩን አታንኳኩ፣ ደውሉለት።