ከቤት ቁጥር ወደ ሰው፦ እህቴን በአዳማ መዛግብት የፈለግሁበት መንገድ

አባታችን በ2013 ዓ.ም. አዳማ ላይ ካረፈ በኋላ የወራሽነት ማረጋገጫ ለመጠየቅ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከሚገኝ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄድን። ጸሐፊው "የሟች ልጆች ስንት ናችሁ?" ብሎ ሲጠይቅ ታናሽ ወንድሜ "ሁለት" አለ፤ እኔ ደግሞ በዚያው ቅጽበት "ሦስት" አልኩ። እናታችን አንገቷን ደፋች። ሦስተኛዋ አባታችን ከእናታችን ጋር ከመጋባቱ በፊት የወለዳት ልጅ ስትሆን፣ ስለ እርሷ በእጄ የነበረው የራሷና የእናቷ ስም፣ እንዲሁም ጀርባው ላይ "ናዝሬት፣ መስከረም 1970" የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 842 የሟች ልጆች እኩል እንደሚወርሱ ይደነግጋል። አንዷን ልጅ ዘሎ ማረጋገጫ ማውጣት እንደሚቻልና ብዙዎች እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፤ ሆኖም ያላግባብ የተተወ ወራሽ መብቱን ባወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ መክሰስ ስለሚችል፣ የዘለሉት ሰው በኋላ ቤቱ ከተሸጠና ከተከፋፈለ ወዲህ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ከሕጉ ይልቅ የከበደኝ ግን የእናቴ ዝምታ ነበር። ስለዚህ ማመልከቻውን አቆይተን እኔ ፍለጋ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ሰውን በስም መፈለጌ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ይኖርበት የነበረው ሰፈር ፍራንኮ አካባቢ መሆኑን እናቴ ነግራኝ ስለነበር በቀጥታ ወደ ሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሙሉ ስም ሰጠኋት። ወረቀቱን ሳታነብ "ወንድሜ፣ የቤት ቁጥሩ ስንት ነው?" አለችኝ። እንደማላውቀው ስነግራት በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ክላሰሮች በእጇ አሳየችኝ። በሁሉም ጀርባ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነበር፤ ስም የተጻፈበት አንድም አልነበረም።

ይህ አደራደር የመጣበትን ምክንያት የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ ሰዉ ሁሉ "47/67" እያለ የሚጠራው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ማለትም ቀበሌዎችን አቋቋመ፤ የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑ ቤቶችም በቀበሌ እጅ ሲገቡ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። ቀበሌ ገና ከጅምሩ የቤት አስተዳዳሪ ስለነበር ማህደሩም የቤቱ ታሪክ ነው። ሰዎች በዚያ ማህደር ውስጥ እንደ ተከራይ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ቁጥሩ ግን ይቀመጣል። ይህን ያላወቀ ፈላጊ እንደ እኔ ሦስት ሳምንት በከንቱ ይመላለሳል።

የቤቱን ቁጥር ያገኘሁት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከእድር ነው። በሰፈሩ ከቆዩት እድሮች በአንዱ ለረጅም ዓመታት ጸሐፊ የነበሩ አንድ አዛውንት እንዳሉ ሰምቼ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ ማንነቴን በአባቴ ስም ካጣሩ በኋላ ከአልጋቸው ሥር በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ባሕር መዝገብ አወጡ፤ "ልጄ፣ እዚሁ ተቀምጠህ ታነባለህ፤ ከዚህ ቤት ግን አይወጣም" አሉኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አነበብኩ። የእድር መዝገብ እንደሌሎች መዛግብት ስምና ፊርማ ብቻ የያዘ እንዳይመስላችሁ። እድሩ ለማን እንደሚቀብርና ለማን እንደማይቀብር አስቀድሞ ማወቅ ስላለበት የአባሉ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ አባትና እናት፣ አንዳንዴም የባለቤቱ ወላጆች ሳይቀሩ በስም ተመዝግበው ይገኛሉ። ወርኀዊ መዋጮው የተከፈለበት ወር ሁሉ ምልክት ስለተደረገበት አንድ ቤተሰብ በሰፈሩ እስከ መቼ እንደቆየ መናገር ይቻላል። የእህቴን እናት ስም በራሷ ተመዝግቦ፣ ከጎኑም የቤት ቁጥሩ ተጽፎ አገኘሁት፤ በልጅ ረድፍ ላይ የእህቴ ስም ነበረ። መዋጮው በ1974 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ይቆምና በቀይ ቀለም "መልቀቂያ ወስደዋል" ይላል። ወዴት እንደሄዱ አይናገርም፤ ጋሼም አላስታወሱም።

ቁጥሩን ይዤ ስመለስ ሌላ ችግር ገጠመኝ። ቀበሌዎች በየጊዜው እየተጣመሩና እየተከፋፈሉ ስለመጡ የድሮው ቁጥር ዛሬ በሌላ ሰፈር የሚገኝ የሌላ ሰው ቤት ነው። እዚህ ላይ የጠቀመኝ የደብዳቤዎችን ራስጌ ማንበብ መልመዴ ነበር። አሮጌ ወረቀቶች ከተማዋን "ናዝሬት" ሲሏት ከላይ ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ የረርና ከረዩ አውራጃ ብለው ይጀምራሉ፤ በኋላ የመጡት አዳማ፣ ምሥራቅ ሸዋ እያሉ ይሄዳሉ። ቀኑ የተቀደደ ወረቀት እንኳ በራስጌው ዘመኑን ይናገራል፤ የትኛው የቤት ቁጥር በየትኛው የቀበሌ አከፋፈል ዘመን እንደተሰጠም ከዚያ መገመት ይቻላል።

ቋንቋውም የራሱ ጣጣ አለው። በከተማችን መሥሪያ ቤቶች እስከ 1984 ዓ.ም. ድረስ መዝገብ የሚያዘው በአማርኛ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሥራው በአፋን ኦሮሞ፣ በላቲን ፊደል በሚጻፈው ቁቤ ሆኗል። በአማርኛው ዘመን የነበረው ጣጣ ሞክሼ ፊደላት ናቸው፤ አንድን ስም አንዱ ጸሐፊ በ"ሀ" ሌላው በ"ሐ"፣ አንዱ በ"ሰ" ሌላው በ"ሠ" ይጽፈዋል፤ በፊደል ተራ ለሚፈልግ ሰው ይህ ማለት ስሙ በሁለትና በሦስት ቦታ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። የእህቴ ስም የሚጀምረው በ"ፀ" ስለሆነ "ጸ" ውስጥም መፈለግ ነበረብኝ። ወደ ቁቤ ሲመጣ ደግሞ አንዱ ጸሐፊ ይህን ድምፅ በ"ቲ"ና በ"ኤስ" ሲጽፈው ሌላው "ጠ" በሚጻፍበት በ"ኤክስ" ያስገባዋል፤ ሁለቱ በዝርዝሩ ላይ ፈጽሞ አይገናኙም። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን በአባት ስም መደርደርም አይረዳም፤ አባትና ልጅ በመዝገቡ ላይ በአንድ ስም አይገናኙምና። ስለዚህ ሊኖሩ የሚችሉትን አጻጻፎች በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ አስቀድሜ ዘርዝሬ ያዝኩ። ይህን በመጀመሪያው ቀን አድርጌው ቢሆን ኖሮ ብዙ የታክሲ ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር።

ማህደሩን ለማየት ግን ስምና ቁጥር አልበቃም። የመረጃ ነፃነት አዋጅ የሚባለው 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት የያዘውን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል ብዬ በልበ ሙሉነት ተከራከርኩ፤ ያው አዋጅ የሦስተኛ ወገንን የግል መረጃ እንደሚጠብቅ ግን አንብቤ አልጨረስኩም ነበር። በመጨረሻ የሠራው መንገድ ይህ ነው፦ የወራሽነት ማመልከቻውን ሦስተኛዋን ልጅ ጨምረን አስገባን፤ ከዚያም አድራሻዋ የማይታወቅ በመሆኑ ጽሕፈት ቤቱ በማህደሩ ያለውን እንዲገልጽ ትእዛዝ እንዲጻፍልን ፍርድ ቤቱን ጠየቅን። ትእዛዙን ይዤ ስሄድ አንድ ሠራተኛ የዚያ ዘመን ማህደር በጎርፍ መበላሸቱን ነገረኝ። በሳምንቱ ያው ሰው የለም፤ በእርሱ ቦታ የተቀመጠችው ሠራተኛ ማህደሩን በሩብ ሰዓት ውስጥ አወጣችው፤ አቧራ እንጂ ውኃ የነካው አልነበረም። የነገሩኝን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ በመጀመሪያው ቀን ብጠይቅ ኖሮ "የለም" የሚለው ቃል እንዲህ በቀላሉ አይወጣም ነበር ብዬ አስባለሁ።

በማህደሩ ውስጥ የፈለግሁት ወረቀት መሸኛው ነበር። በደርግ ዘመን ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላ የሚዛወር ሰው መሸኛ ካልያዘ አዲሱ ቀበሌ አይመዘግበውም፤ ካልተመዘገበ ደግሞ ከኅብረት ሱቅ ስኳርና ዘይት በኩፖን አያገኝም። ሰው ያለ መሸኛ የማይንቀሳቀሰው ስለዚህ ነው፤ ቅጂውም በመነሻው ቀበሌ ይቀራል። የእህቴ እናት መሸኛ የወጪ ቁጥርና ቀን አለው፤ የቤተሰቡ ብዛት ሦስት መሆኑን፣ የቤት ኪራይ ዕዳ የሌለባቸው መሆኑን፣ የሚሄዱትም ወደ ወንጂ መሆኑን ይገልጻል። ሁለት እንጂ ሦስት ይሆናሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ እናቲቱ በመካከሉ አግብታ ኖሯል። አርባ ዓመት ሙሉ ሩቅ አገር ናት ስንላት የኖርናት እህቴ ከአዳማ በሚኒባስ በጥቂት ደቂቃ የሚደረስበት ቦታ ነበር የሄደችው፤ ስኳር በኩፖን ከሚታደልበት ሰፈር ስኳር ወደሚመረትበት።

ወንጂ በሆላንዱ ኩባንያ በኤች ቪ ኤ ተቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመረ ፋብሪካ ሲሆን፣ ሠራተኞቹም በፋብሪካው ቤቶች ስለሚኖሩ እዚያ የሚፈለገው የቀበሌ ማህደር ሳይሆን የሠራተኛው የግል ማህደር ነው። የእንጀራ አባቷን ስም ከመሸኛው ስላገኘሁ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ማህደሩን የሚያውቁት አዛውንት ሠራተኛ ግን "አንተ ባለጉዳዩ አይደለህም፤ ባለጉዳዩም በሕይወት የለም፤ ስለ ልጁ የምነግርህ ነገር የለኝም" አሉኝ። በጣም ተናደድኩ። ወደ በሩ ከሄድኩ በኋላ ጠሩኝና "ደብዳቤ ጽፈህ አምጣ፤ የሚሰጣት ሰው አላጣም" አሉ። ያን ዕለት አድራሻዋን ቢሰጡኝ ኖሮ ሳልጠራ በሯ ላይ እደርስ ነበር። እሷ ልታገኘን ትፈልግ እንደሆነ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም፤ ያን የጠየቁልኝ እኚህ ሰው ናቸው።

ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ስለ ርስት የሚያወራ ስለነበር ቀደድኩት። የላክሁት ማን እንደሆንኩ፣ አባታችን ማረፉን፣ ፎቶግራፉ በእጄ መሆኑንና ስልኬን ብቻ የያዘ ነበር፤ በፖስታ አሽጌ ሰጠኋቸው።

ከዚህ በፊት የሞከርኳቸውን መንገዶች በአጭሩ ልናገር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 የተደነገገ ቢሆንም በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለሆነ በ1960ዎቹ ስለተወለደ ሰው የሚነግረን ነገር የለም፤ ለዚያ ዘመን የክርስትና ምስክር ወረቀት ይሻላል። ሕዝብ ቆጠራውም አይረዳም፤ የ1999ኙ ቆጠራ በአዳማ 220,212 ሰው እንዳለ ይነግራል እንጂ የማንንም ስም ለጠያቂ አይሰጥም። አንድ የቢሮ ደላላ ደግሞ "የመታወቂያዋን መረጃ ከኮምፒውተር ፎቶ አንስቼ አመጣልሃለሁ" ብሎ ዋጋ ነግሮኝ ነበር። ለሁለት ቀን ያህል እንዳሰብኩበት አልደብቅም፤ የተውኩትም በዋናነት ሰውየውን ስላላመንኩት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የበለጠ ከባድ ጉዳይ ሆኗል። እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም፤ የእድሩን መዝገብ ሳነብ ጋሼ ቡና ሊያዩ ሲነሱ አንድ ገጽ በስልኬ አንስቼ ነበር፤ በገጹ ላይ የእህቴ እናት ብቻ ሳትሆን የሌሎች ዐሥራ አንድ ቤተሰቦች ስም ነበረ። በኋላ አጠፋሁት፤ ለጋሼም ነገርኳቸው፤ ለአንድ ወር አላናገሩኝም።

ደብዳቤው በሄደ በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ስልኬ ጠራ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ውርስ አልነበረም፤ የተቀበረበትን ቤተ ክርስቲያን ነበር የጠየቀችኝ። በቀጠሮው ቀን ከልጇ ጋር መጣች፤ የክርስትና ምስክር ወረቀቷንም ይዛ ነበር። እናቴ ከበሩ ላይ ተቀበለቻት፤ ሁለቱ የተነጋገሩትን አልሰማሁም።

ፍርድ ቤት በር ላይ ያው ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻውን አሻሽሎ ሲጽፍ ስሟን እኔ ፊደል በፊደል ነገርኩት። እህቴ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና በእጇ ትከሻዬን ነካ አድርጋ "በፀሐዩ ፀ አይደለም ወንድሜ፤ በጸሎቱ ጸ ነው" አለችኝ። ጸሐፊው ወረቀቱን ቀድዶ እንደገና ጀመረ፤ ለሁለተኛውም አስከፈለን።