የቆረጥኩት ዓረፍተ ነገር

እ.ኤ.አ. በ2003 በኢራቅ ላይ ለተከፈተው ጦርነት የቀረበውን ምክንያት፣ ማለትም ኢራቅ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት የሚለውን ክስ፣ የሚመረምር ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት ስነሣ፣ ጥፋተኛውን ማሳየት ብቻ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ቅንብር የጀመርኩት ከፍጻሜው፣ ማለትም ኢራቅ ውስጥ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ሲያፈላልግ የቆየው ቡድን በ2004 ክምችት አለመገኘቱን ካሳወቀበት ዘገባ ነበር። በዚህ የተነሣ ተመልካቹ ከመጀመሪያው ደቂቃ መልሱን ይዞ ተቀመጠ፤ የሚጠይቀውም ነገር አጣ።

አፍርሼ በቀን ቅደም ተከተል እንደገና ሠራሁት። ለእያንዳንዱ ንግግር አንድ ካርድ አዘጋጅቼ በፊቱ የተባለውን፣ በጀርባው ደግሞ በዚያን ዕለት ይታወቅ የነበረውን ብቻ ጻፍኩ። ጃንዋሪ 28 ቀን 2003 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡሽ፣ ኢራቅ ለኑክሌር መሣሪያ ሊውል የሚችለውን ዩራኒየም ከአፍሪካ ለማግኘት መሞከሯን የብሪታንያ መንግሥት እንደደረሰበት ተናገሩ። ማርች 7 ቀን የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ኃላፊ ሞሐመድ ኤልባራዳይ፣ ኢራቅ ከአፍሪካዊቷ ኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ነበር የሚሉት ሰነዶች ሐሰተኛ መሆናቸውን ለጸጥታው ምክር ቤት አስታወቁ። ጦርነቱ ከ13 ቀን በኋላ ተጀመረ። እዚህ ላይ ተራኪ አላስፈለገኝም።

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት በጊዜው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኮሊን ፓወል ፌብሩዋሪ 5 ቀን በምክር ቤቱ ባደረጉት ንግግር ላይ ነው። የአንትራክስን አደገኛነት ለማስረዳት ትንሿን ብልቃጥ በጣቶቻቸው ይዘው ከፍ ያደረጉበት ምስል ዓይን ስለሚስብ ደጋግሜ አስገባሁት፤ ኢራቅ ለመግዛት ስለሞከረቻቸው የአሉሚኒየም ቱቦዎች የተናገሩትን ግን አሳጠርኩት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቅንብሩን አይታ፣ «ንግግሩን ሙሉውን አንብበኸዋል?» አለችኝ። ስናነበው ፓወል ቱቦዎቹ ለምን እንደተፈለጉ በባለሙያዎች መካከል ክርክር መኖሩን፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ባለሙያዎች ለዩራኒየም ማበልጸጊያ ነው ቢሉም ሌሎች ለተራ ሮኬት ነው እንደሚሉ በግልጽ ተናግረዋል። ይህን ዓረፍተ ነገር የቆረጥኩት የፊልሙን ፍጥነት ይጎትታል ብዬ ነበር። ጥርጣሬን ከማስረጃ ላይ አራግፎ ማቅረብን የሚወቅስ ፊልም እየሠራሁ እኔው ያንኑ አድርጌው ስለነበር በጣም አፈርኩ።

መልሼ ሳስገባው ክሴ የሚላላ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን «ሌሎቹ እነማን ናቸው?» የሚለውን ጥያቄ ወለደልኝ። በኦክቶበር 2002 በተዘጋጀው የአሜሪካ ምስጢራዊ የስለላ ግምገማ ውስጥ በቱቦዎቹ ጉዳይ የተቃወሙት፣ ስለ ማበልጸጊያ መሣሪያ ጠለቅ ያለ ዕውቀት ያላቸው ባለሙያዎች ያሉበት የኢነርጂ ሚኒስቴርና የፓወል የራሳቸው መሥሪያ ቤት የመረጃ ክፍል ነበሩ። በዚያው ወር ከግምገማው ለሕዝብ በወጣው ጽሑፍ ላይ ግን የሁለቱም ስም የለም፤ «አንዳንዶች» ብቻ ተብለዋል። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ንግግር ስቆርጥ ከቅንጭቡ በፊትና በኋላ ያለውን ሁሉ ለሌላ ሰው አስነብባለሁ፤ የማስነብበውም ከእኔ አቋም ጋር የማይስማማ ሰው ፈልጌ ነው።

በመጨረሻው ቅንብር ብልቃጡ አንድ ጊዜ ብቻ ለጥቂት ሰከንዶች ይታያል፤ ቱቦዎቹ ግን 9 ደቂቃ ይዘዋል።