ጫማ ጠባቂው

ላሊበላ ነኝ። ዛሬ ቤተ መድኃኔዓለምን በአንዱ በር ገብተን በሌላው ወጣን። ጫማችን ቀድሞን ደርሷል። ጫማ ጠባቂው አባባ ዞረው አምጥተው፣ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙረው፣ ክሩን አላልተው ደርድረውታል።

አብራን የነበረችው ጀርመናዊት «የኔ የትኛው እንደሆነ በምን አወቁ?» አለች። ተረጎምኩላቸው። ሳቁ። «የሰው መልክ ይጠፋኛል እንጂ ጫማ አይጠፋኝም።»

ሴትዮዋ የመጣችው ሟች ባለቤቷ ሊያየው ሲመኝ የኖረውን ልታይለት ነው። አስጎብኚው ግን ይህን አልጠየቃትም። 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መመዝገቡን፣ ርዝመቱን፣ ቁመቱን... ልጁ ጎበዝ ነው፣ ትምህርቱን ያውቃል። ግን ሰው አገር አቋርጦ የሚመጣው ለቁጥር ብቻ አይመስለኝም። አንዱ ለመሳለም፣ አንዱ ለፎቶ፣ አንዱ ኀዘኑን ሊያስታምም ይመጣል። «ምን አመጣሽ?» ብሎ መጀመር ምን ይከብዳል?

ስለ መስተንግዶ ስናወራ ሁሌም ስለ ሆቴል ነው፤ ሙቅ ውሃ፣ ጄኔሬተር፣ ዋይፋይ። ያስፈልጋል፣ አልክድም። የጫማ ጠባቂዎቹን ሥራ ግን ማንም አያነሳውም። ለአስጎብኚ ዋጋ ትነጋገራላችሁ፤ ለእነሱ «እንደ ፈቃድዎ» ነው። ለገና የምትሄዱ፣ ዝርዝር ብር ያዙ።