ፍልስፍና በእድር ስብሰባ ላይ

ዛሬ ጠዋት የሰፈራችን እድር ስብሰባ ነበር። መነጋገሪያው አንዲት ጎረቤታችን ቀብር ላይ ባለመገኘቷ የተጣለባት የ100 ብር ቅጣት ነው። ልጇ ታሞባት ሌሊቱን ሐኪም ቤት አድራ ነበር። ሊቀመንበሩ ደንቡን አነበቡ፤ «ያልተገኘ ይቀጣል» ይላል። ስለ ታመመ ልጅ አንድም ቃል የለበትም።

ፍልስፍና ልማር ስል አባቴ «እሱ ደግሞ ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛል?» ብለውኝ ነበር። እስካሁን መልስ አላገኘሁላቸውም። ዛሬ ግን የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል ትዝ አለኝ። ከ2300 ዓመታት በፊት የጻፈው ይህንኑ ነው፦ ሕግ በጥቅሉ ይናገራል፣ ሕይወት ግን በዝርዝር ትመጣለች። ሕጉ ያላሰበው ነገር ሲያጋጥም «ሕግ አውጪው ራሱ እዚህ ቢኖር ምን ይል ነበር?» ብሎ መጠየቅ ፍትሕን ማፍረስ ሳይሆን ማቃናት ነው። ምሳሌ ያደረገው የግሪኳን ደሴት የሌስቦስን ግንበኞች መለኪያ ነው፤ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ስለነበር የድንጋዩን ቅርጽ ተከትሎ ይታጠፋል።

እጄን አውጥቼ ይህንኑ ተናገርኩ (የአርስቶትልን ስም ግን ዘለልኩት፤ ስሙ ሲጠራ ሰው እንደሚያዛጋ ከልምድ አውቃለሁ)። ዕድሜያቸውን በግንበኝነት የገፉ አንድ አዛውንት ፈገግ ብለው «ልጄ፣ እኛ የምንጠርበው ድንጋዩን ነው፤ መለኪያው ከታጠፈማ ግድግዳው ይወድቃል» አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ፤ እንዲህ ያለ መልስ ክፍል ውስጥ እንኳ አልገጠመኝም።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ የተከራከርነው ስለ ብሩ ሳይሆን ደንቡ መጀመሪያ ለምን እንደተጻፈ ነበር። ቅጣቱ በድምፅ ብልጫ ተነሣ። አዛውንቱ ተቃውመው ድምፅ ሰጡ፤ ስንወጣ ደግሞ ለልጁ ብርቱካን መግዣ ብለው 100 ብር በእናትየው እጅ አስጨበጡ።